የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎንና የታገደው ሽለላችን

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደየቤተሰቦቻችን ስንመለስ ነገሌ ቦረና ላይ አንድ ሌሊት አደርን። የያቤሎና የሞያሌ ልጆች መንገዳቸው ሌላ ስለ ሆነ ቀደም ብለው ተለይተውናል፤ ከቀረነው ሁለቱ የነገሌ ልጆች ናቸው፣ ሌሎቻችን በማግሥቱ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ ለመቀጠል መኪና እንጠብቅ ነበር። በመሸም ጊዜ አንድ ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ባለቤቱ ከስልኩ ጋር ባገናኘው የድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ያሰማል። በመካከሉ አንድ ሳክስፎን ብቻውን ተነሣ፤ ምት አይጠብቅ፣ ዜማው ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅ፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያጓራል፣ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ከእኛ አንዱ ሳቀና «ይህ ፈረንጅ ደግሞ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አለ።

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ ወታደር ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ተመለከቱን። «ፈረንጅ አይደለም ልጄ፤ ጌታቸው መኩሪያ ነው» አሉ። «እየጮኸም አይደለም፤ እየሸለለ ነው።»

በዚያ ምሽት ያፈርነውን ዕፍረት ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ የምናነሣው ራሳችንን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ወደ ግቢያችን ስንመለስ የጠበቀን ማስታወቂያ ነገሩን አባብሶብናል። የማኅበራችን የባህል ኮሚቴ በሚመጣው የዓመቱ መዝጊያ በዓል ላይ ሽለላ፣ ፉከራ፣ ቀረርቶና ገራርሳ እንዳይቀርቡ ወስኗል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ባለፈው ዓመት በዚያው በዓል ላይ አንዱ ወገን ሲፎክር ሌላው ተነሥቶ፣ ፉጨቱ ወደ ስድብ፣ ስድቡም ወደ ወንበር መወራወር ተለወጠ። ስለዚህ በታገደው ፈንታ ከአዲስ አበባ ዲጄ ይመጣል፤ ለዚያም ገንዘብ ተመድቧል። ኮሚቴው ክፉ አስቦ ነው አንልም፤ ሰላም ፈልጎ ነው። ነገር ግን ውሳኔው ስሕተት ነው ብለን እናምናለን፤ ለምን ስሕተት እንደ ሆነም የአንድን የሳክስፎን ተጫዋች ሕይወት በመተረክ ልናሳይ እንሞክራለን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የሸክላዎቹ መዝገብ በዚያ ስለሚገኝ ነው።

ጌታቸው መኩሪያ በ1935 በይፋት ተወለዱ። በልጅነታቸው የያዙት መሣሪያ ክራርና ማሲንቆ ነበር። ወደ ክላርኔትና ወደ ሳክስፎን የተሸጋገሩት በኋላ ነው። በ1949፣ ገና የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍል ገቡ። በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው፣ ሲከፈት ወደዚያ ኦርኬስትራ ተዛወሩ። በ1965 ደግሞ የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራን ተቀላቀሉ። እንግዲህ እኒህ ሰው የሙዚቃ ሕይወታቸውን የጀመሩት በምሽት ክበብ ወይም በሀብታም ቤት አይደለም፤ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ደመወዝ እየተቀበሉ፣ ኖታ እያነበቡ ነው።

ይህን ነገር አጥብቀን እንድናስበው ያስፈልጋል። ሳክስፎን ከእንጨትና ከጅማት ተሠርቶ በቤት የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ቤልጅጋዊው አዶልፍ ሳክስ በ1846 ፓሪስ ላይ በስሙ ያስመዘገበው የናስ ዕቃ ነው፤ ድምፁን የሚሰጠው በአፉ ላይ የሚታሰረው የሸምበቆ ልሳን ሲሆን፣ ዋጋውም በዚያ ዘመን ለአንድ ድኻ ልጅ የማይታሰብ ነበር። ወደ አገራችን የናስ መሣሪያዎች በብዛት የገቡት ከአድዋ ድል በኋላ ከሩስያ ቤተ መንግሥት በስጦታ ሲላኩ ነው። በ1924 ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከነሙዚቃ መሣሪያቸው ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ያወጣም እርሱ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሰስ ናልባንዲያንም በኋላ የማዘጋጃ ቤቱንና የቴአትሩን ሙዚቀኞች አስተምሯል። ስለዚህ በይፋት ልጅ እጅ የገባው ሳክስፎን ቤልጅግን፣ ሩስያንና የአርመንን ስደት አልፎ የመጣ ነው። «ባህል የእኛ ብቻ ነው፣ የእነርሱ ብቻ ነው» እያልን ለምንከራከር ተማሪዎች ይህ አንድ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በዚያ ዘመን የኦርኬስትራ ሳክስፎን ሥራው የታወቀ ነበር፤ ዘፋኙ ሲዘፍን ከኋላ ማጀብ፣ ዘፋኙ ሲያርፍ ጥቂት መለኪያ መሙላት፣ ሰልፍ ሲሆን ማርሽ መንፋት። ጌታቸው ግን በ1950ዎቹ ሌላ ነገር አደረጉ። ሸላይ በጉሮሮው የሚያደርገውን ሁሉ፣ ድምፁን ማንቀጥቀጡን፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ አንዱን ቃል መጎተቱን፣ ድንገት ማጓራቱን፣ ወደ ሳክስፎን አዛወሩት። ቀረርቶና ሽለላ ከበሮ አይጠብቅም፤ ሸላዩ በገዛ ትንፋሹ ይሄዳል፣ ሲፈልግ ይቆማል። ኖታ ላይ በመለኪያ የሚጻፍ አይደለም። ይህን ለማድረግ ጌታቸው ሁለት ትምህርት ያስፈልጋቸው ነበር፤ ከማዘጋጃ ቤቱ የተማሩት የመሣሪያው ዕውቀትና ከይፋት ይዘውት የመጡት ጆሮ። አንዱ ያለ ሌላው ከንቱ በሆነ ነበር። መድረክ ላይም ሲወጡ የጀግና ካባ ደርበው፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው የተጫወቱበት ጊዜ አለ።

የውጭ አገር የሙዚቃ ሊቃውንት ይህን ሲሰሙ «ነጻ ጃዝ» ከሚባለው ጋር አመሳሰሉት፤ ኦርኔት ኮልማንንና አልበርት አይለርን ጠሩ። ነገር ግን ኦርኔት ኮልማን ያን ስም የሰጠውን ሸክላ የቀረጸው በ1960 ነው፤ ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን የጀመሩት ከዚያ ቀድሞ ነው። ከአሜሪካ ተቀድቶ የመጣ አይደለም። እኛ ግን በነገሌው ሻይ ቤት የራሳችንን ድምፅ ሰምተን «ፈረንጅ» አልን። የራሱን የማያውቅ ሰው ጥሩ ነገር በሰማ ቁጥር የሌላ ሰው ነው ብሎ ያስባል።

በ1970 ገደማ ጌታቸው ሳክስፎናቸውን ብቻ ዋና ድምፅ ያደረገ አንድ ትልቅ ሸክላ በፊሊፕስ ስም አሳተሙ። ዘፋኝ በነገሠበት አገር ያለ ዘፋኝ ሸክላ ማውጣት ትንሽ ድፍረት አልነበረም። ያ ጊዜ የሸክላው ንግድ የሞቀበት ነው፤ ዐምሓ እሸቴ ሸክላ የማሳተምን ሥራ የመንግሥት ብቻ ያደረገውን ደንብ አልፎ የራሱን ማተሚያ በ1969 ከፍቶ ነበር። ነገር ግን ዘመኑ አጭር ሆነ። በጥር 1974 እዚሁ ነገሌ ቦረና የሠፈረው ጦር በምግቡና በውሃው ምክንያት ዐመፀ። ወታደሮቹ የሚጠጡት ውሃ ጠፍቶ ከመኰንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ፤ ሊያነጋግሯቸው ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ጄነራልም ይዘው እነርሱ የሚበሉትን አበሏቸው። ከነገሌ የተነሣው እሳት በዚያው ዓመት ዙፋኑን አነደደ። ከዚያም ደርግ መጣ፣ የሰዓት እላፊ ታወጀ፣ አዲስ አበባ በምሽት ዝም አለች። የምሽት ክበብ ሲዘጋ ዐሥር ሰው ያለበት የትንፋሽ መሣሪያ ቡድን የሚበላው አጣ። ብዙዎቹ ተሰደዱ፤ ቀስ በቀስም አንድ ሰው በጣቱ የሚነካው የኤሌክትሪክ ኦርጋን የጡሩምባውንና የሳክስፎኑን ቦታ ወሰደ። ዛሬ ከመካከላችን አንድ ሳክስፎን በእጁ የነካ ተማሪ ብንፈልግ የማናገኘው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጌታቸው አልተሰደዱም። ቆዩ፣ ነፉ። በ2003 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የሸክላ ተከታታይ 14ኛው ቁጥር በእርሳቸው ስም ወጣ። በ2004 ከቦስተን የመጣው ኢዘር ኦርኬስትራ አዲስ አበባ ላይ ከእርሳቸው ጋር ተጫወተ። በዚያው ዓመት ዚ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ቡድን የ25ኛ ዓመት በዓሉን ሲያከብር አምስተርዳም ጋበዛቸው፤ ስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። በ2006 አብረው «ሞአ አንበሳ» የተባለውን፣ በ2012 ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ» የተባለውን አወጡ፤ በ2008 ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ተጫወቱ። በ2016 በሰማንያ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞቻችን «እነሆ፣ ፈረንጅ እስኪያውቃቸው ድረስ አላወቅናቸውም» እያሉ ያዝናሉ። ይህ አባባል ለእኛ ለወጣቶቹ ልክ ነው፤ ለዚያ ጡረተኛ ወታደር ግን ልክ አይደለም። የሻይ ቤቱ ሽማግሌ አምስተርዳምን አልጠበቁም። ሁለት ድምፅ እንደ ሰሙ ስሙን ጠሩ። ስለዚህ ጥፋቱ «ሕዝቡ አያውቅም» የሚባል አይደለም፤ ሕዝቡ የሚያውቀውን እኛ የተማርነው ሳንጠይቀው መቅረታችን ነው።

አሁን ከባዱን ነገር እንናገር። «ሽለላ የጦር ዜማ ነው፤ በዚህ ወንድም ከወንድሙ በሚገዳደልበት ዘመን መድረክ ላይ ማውጣት እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው» የሚል ክርክር አለ። የኮሚቴው ክርክርም ይኸው ነው። ከእኛ መካከልም ያነሡት አሉ፤ የቆላው ልጆች ስለ ሆንን ደግሞ የበለጠ ይገባናል። በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ የምኒልክ ጦር ወደ ቦረና አገር ሲወርድ እየሸለለ ነበር። ያ ዜማ ለአንዳችን አያት የድል፣ ለሌላችን አያት የሽንፈት ማስታወሻ ነው። ይህን መካድ አይቻልም፤ ስለ አንድነት እያወሩ መሸፈንም አይገባም። ቦረናውና ጉጂው፣ ጉጂውና ሶማሌው በግጦሽና በውሃ የተጋጩበትን ጊዜ የሚያወድስ ግጥምም በየቤቱ አለ። ባለፈው ዓመት ወንበር ያወራወረን የዜማው ድምፅ አልነበረም፤ በዜማው ላይ ተጭነው የመጡት ስሞች ነበሩ። ማን ማንን እንዳሸነፈ፣ የማን አባት የማንን አባት እንዳባረረ የሚናገሩት ቃላት።

ጌታቸው ምን አደረጉ? ሽለላውን ወሰዱ፣ ቃሉን ተዉት። በሳክስፎን የሚሸልል ሰው ጠላቱን በስም መጥራት አይችልም። ቁጣው አለ፣ ኩራቱ አለ፣ «አልወድቅም» የሚለው የሰው ልጅ ትንፋሽ አለ፤ የሚወጋው ሰው ግን የለም። ስለዚህም አምስተርዳም ያለ ሰው፣ አማርኛ የማይሰማ፣ የይፋትን ተራራ ያላየ፣ ሲሰማው ልቡ ይነሣል፤ ማንም አልተሰደበምና። ይህ የኮሚቴያችንን ችግር ከስድሳ ዓመት በላይ ቀድሞ የፈታ ሰው ነው። የጦርን ዜማ አላገደም፣ አላጸዳም፣ አላለሰለሰም። ከአንዱ ወገን እጅ አውጥቶ ለሰው ሁሉ ሰጠው።

እርግጥ ነው፣ ቃል ያልተነገረበት ዜማም ትዝታ ይቀሰቅሳል፤ ሽለላው ሲጀመር ፊቱን የሚያዞር ሰው ይኖራል። ሙዚቃ የታሪክን ዕዳ ይከፍላል አንልም። ነገር ግን ማገድስ ይከፍላልን? የታገደ ፉከራ አይሞትም፤ ከመድረኩ ወርዶ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። እዚያም የሚሰማው የገዛ ወገን ብቻ ስለ ሆነ የሚያርመው አያገኝም። በመድረክ ላይ ቢሆን ግን ሌላው ተቀምጦ እየሰማው ነውና የሚናገረውን ይመዝናል።

ከዚህም በላይ በእኛ አገር ያለው ዜማ የጦር ዜማ ብቻ አይደለም። የቦረናን የውሃ ጉድጓዶች ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ ጐልማሶች አንዱ ከሌላው በላይ ተራ በተራ ይቆማሉ፤ ከታች የተቀዳው ውሃ በቆዳ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እየተወረወረ ይወጣል፣ ባዶው ይወርዳል። ይህን ሁሉ የሚያስተካክለው ዘፈን ነው። ዘፈኑ ከቆመ ባልዲው ይወድቃል፣ ውሃው ይፈስሳል፣ ከላይ የተጠማው ከብት ይጠብቃል። አባ ሄሬጋ የሚባለው ሰው የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ተራ ያስጠብቃል። ይህ ዜማ በሳክስፎን ወይም በጡሩምባ ሲነፋ የሰማ ማን ነው? እኛ አልሰማንም። ጌታቸው የይፋትን ሽለላ ወደ ናስ ያዛወሩት የይፋት ልጅ ስለ ሆኑ ነው፤ የጉድጓዱን ዜማ ደግሞ ሊያዛውር የሚገባው የነገሌ፣ የያቤሎ፣ የሞያሌ ልጅ ነው። ያ ልጅ ምናልባት ዛሬ በእኛ መኝታ ቤት ተኝቷል። ነገር ግን መሣሪያ የለውም፣ የሚያስተምረው የለም፣ በበዓሉም ቀን የሚሰማው የዲጄ ድምፅ ነው።

ጌታቸውን ጌታቸው ያደረጋቸው ተሰጥዖ ብቻ አይደለም ያልነው ስለዚህ ነው። ማዘጋጃ ቤት የሚባል መሥሪያ ቤት ለአንድ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ መሣሪያ ሰጠው። ያ መሥሪያ ቤት ለሰልፍና ለበዓል ሲል ነው የሰጠው፤ ከዚያ ምን እንደሚወጣ አላወቀም። የትምህርት ነገር እንዲህ ነው። እኛ ደግሞ ዛሬ ገንዘብ የያዘ ማኅበር አለን፤ ትንሽም ቢሆን መሥሪያ ቤት ነን። ለአንድ ሌሊት የሚከፈለው ገንዘብ በነጋታው ከጆሮ ጩኸት በቀር ምን ያስቀርልናል?

ስለዚህ ለኮሚቴውና ለመላው ተማሪ ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ እገዳው ይነሣ፤ በፈንታውም ደንብ ይውጣ። ማንኛውም ወገን የሽለላውን፣ የገራርሳውን፣ የፉከራውን ዜማ በመሣሪያ ያቅርብ። ቃል ያለው ነገር የሚያቀርብ ደግሞ የራሱን ሳይሆን የሌላውን ወገን ዜማ ተምሮ ያቅርብ፤ የጉጂው ልጅ የቦረናውን፣ የሶማሌው ልጅ የጉጂውን፣ የደገኛው ልጅ የቆለኛውን። የሌላውን ዜማ ለመማር ከሌላው ጋር አንድ ወር መቀመጥ ግድ ነው፤ ወንበር የሚወረወረው ካልተቀመጡበት ነው።

ሁለተኛ፣ ለዲጄ የተመደበው ገንዘብ ለአገለገሉ የትንፋሽ መሣሪያዎች ይዋል። በዚያ ገንዘብ ትልቅ ኦርኬስትራ አይቋቋምም፤ አንድ ሳክስፎንና አንድ ጡሩምባ ቢገኝ ይበቃናል። የሚያስተምር ሰው ከጡረተኞች የሠራዊትና የፖሊስ ሙዚቀኞች መካከል አይጠፋም፤ እነርሱም ሳይጠየቁ እያረፉ ናቸው።

ሦስተኛ፣ በሚመጣው ዕረፍት ሁላችንም ኪሳችን ውስጥ ባለው ስልክ የየአገራችንን አዛውንት ፈቃዳቸውን ጠይቀን እንቅረጽ። ስማቸውን፣ አገራቸውን፣ ዜማው በምን ጊዜ እንደሚዜም ጽፈን በቤተ መጻሕፍቱ እናስቀምጥ። ነገ ከመካከላችን ጡሩምባ የሚያነሣ ቢገኝ የሚነፋውን አያጣም።

ኮሚቴው ይህን አይቀበል ይሆናል። «ዘንድሮ ሰላም ይለፍ፣ ለከርሞ እናያለን» ሊል ይችላል። እኛም ሰላምን አንጠላም። ነገር ግን ዝም በማሰኘት የሚገኝ ሰላም እንዴት እንደሚያልቅ የነገሌ ወታደሮች በ1974 አሳይተውናል፤ ውሃ ተከልክለው ዝም ያሉት እስኪጠማቸው ድረስ ነው።

በዚያ ምሽት ሻይ ቤቱ ውስጥ ዘፈኑ ሲያልቅ ሽማግሌው ሒሳባቸውን ከፍለው ተነሡ። ያ የሳቀው ጓደኛችን ተነሥቶ እጅ ነሣና «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላቸው። እርሳቸውም ትከሻውን ያዝ አድርገው «ይቅርታ ምን ያደርጋል፤ እንደገና አስከፍተህ ስማው» ብለውት ወጡ። አስከፍተን ሰማነው። አንባቢ ሆይ፣ አንተም አንቺም ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት አንድ ጊዜ እንድትሰሙት እንለምናለን፤ ከዚያ በኋላ ይታገድ የሚል እጁን ያውጣ።